ቦይለር በጎንደር ቤት፦ ሳይቃጠል መግጠም፣ ሳያስቸግር መጠቀም

አዲስ ቦይለር በተገጠመበት ቀን ሊቃጠል ይችላል። የኔ ተቃጥሏል። ለጥምቀት አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ሠራተኛው ገጥሞ እንደጨረሰ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ ልየው» አለና ማብሪያውን ተጫነ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ሁላችንም ደስ አለን። ሮቶው ግን ባዶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ወደ ሰፈራችን ውሃ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ጎማ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው። በማግስቱ ፈተን ስናወጣው ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ጠቁሯል፣ እጥፋቱ ላይም ተሰንጥቋል። እንግዶቻችን በድስት በሞቀ ውሃ ታጠቡ።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ቦይለር ሲበላሽ ሄጄ አያለሁ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ውሃው ሳይቀድም መብራቱ ቀድሟል። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ ተከተሉ። «ይቺን በኋላ እመለስባታለሁ» ብላችሁ አትዝለሉ።

መጀመሪያ ስለ ጋዝ ቦይለር

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «የጋዝ ቦይለር ግጠሙ፣ ቤቱንም ያሞቅላችኋል» ማለቱ አይቀርም። እሱ የለመደው ጋዝ በመስመር ቤቱ ድረስ የሚመጣለትን፣ የሞቀውን ውሃ በራዲያተር እያዞረ ክፍሉን የሚያሞቀውን ነው። አዲሶቹ ከጭሱ ጋር ሊወጣ የነበረውን ሙቀት ሳይቀር ስለሚይዙ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የጋዙን ሙቀት ይጠቀሙበታል። ለጎንደር ቤት ግን የጋዝ መስመር የለም። የታኅሣሥ ሌሊት ቢያንዘፈዝፍም ጋቢ ይበቃዋል።

በሲሊንደር የሚሠራውን ትንሹን የጋዝ ማሞቂያ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አትስቀሉት። በዝግ ክፍል ጋዝ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱው ነው። ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ካልሆነ ይቅርባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ቦይለር ነው።

1. መጠኑን ምረጡ

ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው 50 ሊትር ይበቃል። «50 ሊትር ምን አላት?» አትበሉ። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ወደ 80 ሊትር የሚጠጋ ለገላ የሚስማማ ውሃ ይወጣዋል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቁጠሩት፤ አራት ጀሪካን ማለት ነው።

80 ሊትሩ ለትልቅ ቤተሰብ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜ ይበላል። 18 ዲግሪ የነበረን ውሃ 60 ለማድረስ ባለ 1500 ዋት ቦይለር 50 ሊትሩን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያሞቃል። 80 ሊትር ከሆነ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ሰፈር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እኔ ብሆን 50ውን ገዝቼ ሰዉን በተራ አስታጥባለሁ።

2. ግድግዳውን ፈትሹ

ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ 65 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 80 ሊትሩ መቶ ኪሎ ይጠጋል። ገና ሳትገዙ ግድግዳውን አንኳኩ።

ድንጋይ ወይም ድፍን ጡብ ከሆነ ችግር የለም። ድንጋይ ላይ ስትበሱ ድንጋዩን ራሱን ብሱት፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ላይ የገባ ብሎን እየላላ ይመጣል።

ብሎኬት ከሆነ ተጠንቀቁ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ዛሬ የጠበቀ ይመስላል፣ ከሦስት ወር በኋላ ልስኑ መሰንጠቅ ይጀምራል። መፍትሔው ረጅም ብሎን ከወዲህ ወዲያ አሳልፎ በግድግዳው ጀርባ በኩል ጠፍጣፋ ብረት አድርጎ በዳዶ ማሰር ነው። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን ተዉት። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ መሬት ላይ የሚቆም የብረት መቆሚያ አሠሩ።

ቦታ ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ከቦይለሩ ሥር ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር፤ ሬዚስታንሱ አንድ ቀን በዚያ በኩል መውጣቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ለሻወሩ ቅርብ ይሁን፤ ግን ውሃ የሚረጭበት ላይ አይሁን። ለመቆም የተሠራውን ቦይለር ቦታ ጠበበ ብላችሁ በጎኑ አትስቀሉ። ከፊሉ ውሃ ሳይሞቅ ይቀራል፣ ሬዚስታንሱም ከውሃ ውጪ ሊሆን ይችላል።

3. ዕቃውን አሟልታችሁ ጀምሩ

ሥራ ተጀምሮ «ቴፍሎን አልቋል» ሲባል ነው ነገር የሚበላሸው። ሠራተኛው በሌላ ነገር ያብቃቃል። ስለዚህ ይህን ቀድማችሁ ያዙ፦

ለውሃው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ሁለት ፍሌክሲብል፣ አንድ ሳራቺኒስካ (የውሃ መዝጊያ)፣ ሁለት ቴፍሎን። ለመብራቱ ባለ 2.5 ካሬ ባለ ሦስት መስመር ሽቦ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ)፣ ፌዝንም (መብራቱ የሚመጣበትን ሽቦ) ኒውትራልንም (የሚመለስበትን) አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ። ለሥራው ትራፓኖ፣ ውሃ ልክ፣ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ።

ሴፍቲ ቫልቩ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ውስጥ ይገኛል። ትንሽ እጀታ ያላት፣ ጎኗ ላይ ቀዳዳ ያላት ነገር ናት። ትርፍ ዕቃ መስላቸው የሚጥሏት ሰዎች አይቻለሁ። የቦይለሩ ነፍስ እሷ ናት፤ ካርቶኑን ሳትፈትሹ አትጣሉ።

4. ስቀሉ

የቦይለሩን ማንጠልጠያ ለኩና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በውሃ ልክ አስተካክሉ። ብሱ፣ ብሎኑን አስገቡ፣ አጥብቁ።

ቦይለሩን ከማንሳታችሁ በፊት ብሎኑን ፈትኑት። ጠንካራ ገመድ አስራችሁ አንድ ጎልማሳ ሰው ቀስ ብሎ ክብደቱን ይጣልበት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ልስኑ ከረገፈ ቦታ ቀይሩ። ያን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፍናችሁ እዚያው መልሳችሁ አትሞክሩ። ከዚያ ለሁለት ሆናችሁ ስቀሉት።

5. ውሃውን አገናኙ

ከቦይለሩ ሥር ሁለት ጫፍ ታያላችሁ። ሰማያዊ ምልክት ያለው ቀዝቃዛ የሚገባበት ነው። ቀዩ ሙቅ የሚወጣበት ነው። ውስጥ ሲታይ የሰማያዊው ቧንቧ አጭር ነው፤ የቀዩ እስከ ላይ ይደርሳል፤ ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ። ካቀያየራችኋቸው ውሃው ይመጣል፣ ግን ገና ገላችሁን ሳሙና ሳትቀቡ ለብ ይልና ይቀዘቅዛል።

ሀ. ቴፍሎኑን በብሎኑ ጥምዝ አቅጣጫ፣ ከ10 እስከ 12 ዙር ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁ ስታጠብቁት ይፈታል።

ለ. ሴፍቲ ቫልቩን ሰማያዊው ላይ እሰሩ። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ ማመልከት አለበት። በእጃችሁ እስኪይዝ አዙሩ፣ ከዚያ በመፍቻ ጥቂት ጨምሩ። በኃይል አታጥብቁ።

ሐ. ከሴፍቲ ቫልቩ በታች ፍሌክሲብሉን፣ ከዚያ ሳራቺኒስካውን እሰሩ። በቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ አታስገቡ።

መ. ከቀዩ ጫፍ ወደ ሚክሰሩ የሙቅ መስመር ሌላውን ፍሌክሲብል እሰሩ። የሙቅ መስመሩ ሙቅ ውሃ የሚችል የፒፒአር ቧንቧ ይሁን።

ሠ. ከሴፍቲ ቫልቩ ጎን ቀዳዳ ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰክታችሁ ወደ ታች ወደ ፍሳሽ ልቀቁ። ጫፉ ክፍት ይሁን።

ያቺ ቀዳዳ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ትላለች። አትደንግጡ። 50 ሊትር ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይፋፋል፤ መሄጃው እሷ ናት። አንድ ጎረቤቴ ወለሉ እየረጠበ ስላስቸገረው በማስቲሽ ደፍኗት አገኘሁ። ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው ቴርሞስታት አንድ ቀን አልቆርጥ ቢል ያ ቦይለር ፈንድቶ ጣሪያ ይዞ ይሄድ ነበር። በፍጹም አትድፈኗት።

ሴፍቲ ቫልቩ ሌላም ሥራ አለው፤ ለኛ ከተማ ይሄኛው ይበልጣል። የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል። ቦይለር ሙቅ ውሃ የሚሰጠው ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ሲገፋው ብቻ ስለሆነ ውሃ ቢጠፋም ጋኑ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ቫልቩ ከሌለ ግን ውሃ ጠፍቶ ሳለ ምድር ቤት ያለ አንድ ሰው ቧንቧ ከከፈተ የቦይለሩ ውሃ ተስቦ ይወርዳል። እናንተ ሳታውቁ ማታ ታበራላችሁ። ከዚያ ያው የጎማ ሽታ።

ስለ ሮቶ ከፍታ፦ ግፊቱን የሚወስነው የሮቶው መጠን አይደለም። የሮቶው ታች ከሻወሩ ራስ በ3 ሜትር ከፍ ካለ የምታገኙት 0.3 ባር ነው። ይህ ቀጭን ነው ግን ይታጠባል። ከዚያ በታች ከሆነ መቆሚያውን ከፍ አድርጉ ወይም ትንሽ ፓምፕ አስገቡ።

6. ሙሉት፤ መብራቱን አትንኩ

ብሬከሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። የሻወሩን ሚክሰር ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ አዙሩና ክፈቱ። ከዚያ ሳራቺኒስካውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

መጀመሪያ አየር ብቻ ይወጣል፣ «ፍስስ» ይላል። ቀጥሎ እየተፋ፣ እያቋረጠ ውሃ ይመጣል። በዚህ ጊዜ «ሞላ» ብላችሁ አትዝጉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳያቋርጥ፣ ሳይተፋ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይፍሰስ። አነስተኛ ግፊት ባለው ሮቶ 50 ሊትር ለመሙላት 15 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ።

አሁን ሚክሰሩን ዝጉና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠርጉት። ሶፍቱ ከረጠበ ያፈሳል። ውሃውን ዝጉ፣ ፍቱ፣ ቴፍሎኑን በሙሉ አንስታችሁ እንደ አዲስ ጠምጥሙ። በላዩ ላይ መጨመር አይሠራም።

ውሃ በሌለበት ቀን ከተገጠመላችሁ ሥራው እዚህ ይቁም። ሠራተኛው ቢቸኩልም ሒሳቡን ክፈሉና ሸኙት። ውሃ ሲመጣ ራሳችሁ ሙሉት።

7. መብራቱን ለኤሌክትሪሻን ስጡ

ይሄን ደረጃ ራሳችሁ አትሥሩት። ግን ምን ማሠራት እንዳለባችሁ እወቁ።

ከብሬከር ሳጥኑ ለቦይለሩ ብቻ የሚሄድ መስመር ይዘርጋ። ባለ 1500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ይስባል፣ ለሰዓታት ሳያርፍ። በማከፋፈያ ገመድ ላይ ከምጣድ ጋር አብሮ ከተሰካ ስፒናው ይቀልጣል። ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ይሁን፤ በእርጥብ እጅ እንዳይነካ።

ኧርዝ፣ ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የግድ ነው። ሠራተኛው «ከውሃ ቧንቧው ጋር አስሬዋለሁ» ካላችሁ አስፈቱት፤ የዛሬ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ የትም አያደርስም። ከኒውትራል ጋር ማሰሩ ደግሞ ይብሳል፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የቦይለሩ ገላ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። መሬት ውስጥ የገባ የኧርዝ ብረት ይኑር፣ በመለኪያ ይለካ። ሊኬጅ ብሬከሩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለ። ስትጫኑት «ቀጭ» ብሎ መቁረጥ አለበት። በወር አንዴ ሞክሩት። ካልቆረጠ ሳይቀየር ማንም አይታጠብ።

8. የመጀመሪያው ማብራት

ሙቅ ቧንቧውን እንደገና ከፍታችሁ ውሃ መምጣቱን እዩ። ዝጉት። ከዚያ አብሩ። ለመጀመሪያው ሰዓት ከቤት አትውጡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሽቦውን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ለብ ማለት ይችላል፣ የሚያቃጥል ከሆነ አጥፉ፣ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም የሆነ ቦታ ላልቷል። ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ቴርሞስታቱ ቆርጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ታጠቡ። ከመግባታችሁ በፊት ማብሪያውን አጥፉ፤ ኧርዝ ቢኖርም።

ዕለት ዕለት እንዴት ትይዙታላችሁ?

ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጉት። 75 ላይ ማድረግ ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ሕፃንም ይፈጃል። 40 ላይ አድርጎ መቆጠብም አይሆንም፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል።

ማለዳ 1 ሰዓት የምትታጠቡ ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አብሩ። ማታ ግን ሒሳቡ ይለያል። ሁሉም ቤት ምጣድ ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል። 180 ከደረሰ የቦይለሩ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፣ 1 ሰዓት ከ40 የነበረው ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ሠራተኛ የሚጠራው በዚህ ሰዓት ነው። ጠዋት ሞክሩትና ከሠራ ገንዘባችሁን ያዙ።

መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ፣ ሲመጣም ወዲያው አታብሩ። የሞቀው ውሃ እስከ ማግስቱ ለብ እንዳለ ይቆያል።

ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን ራሱን አውርዱና ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ «ውሃ የለም» ብላችሁ። ልጆችም፣ የቤት ሠራተኛም፣ እንግዳም ያያል። ውሃ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ድፍርስ ነው፤ በተለይ በክረምት የአንገረብ ግድብ ውሃ ቀለሙ ሻይ ሊመስል ይችላል። ሳራቺኒስካውን ዝጉ፣ በሌላ ቧንቧ እስኪጠራ አፍስሱት፣ ከዚያ ቦይለሩን በደረጃ 6 መሠረት ሙሉ።

ሲበላሽ

መብራቷ በርታለች፣ ውሃው ግን አይሞቅም፦ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። ይቀየራል፤ ቦይለሩ አይጣልም።

መብራቷም አትበራም፦ ብሬከሩን እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ቦይለሩ ከልክ በላይ ሞቆ ራሱን ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን አውርዱ፣ የታችኛውን ክዳን ፍቱ፣ ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ግፉ። በሳምንት ውስጥ ከደገመ ቴርሞስታቱ ይቀየር። ደጋግማችሁ እየገፋችሁ አትኑሩ።

ሊኬጅ ብሬከሩ ባበራችሁ ቁጥር ይቆርጣል፦ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ውሃው ውስጥ መብራት እየለቀቀ ነው። «ያስቸግራል» ብሎ ሊኬጁን ያለፈ ቀጥታ መስመር የሚሠራላችሁን ሰው ከቤታችሁ አስወጡ።

ሻወሩን ስትነኩ ይነዝራችኋል፦ ብሬከሩን አውርዱ። ኤሌክትሪሻን ሳያየው አይነሣ።

እንደ ማንቆርቆሪያ ይንጫጫል፦ ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ወደ ጽዳቱ ሂዱ።

ከቧንቧው እንፋሎት ይወጣል፦ አደገኛው ይሄ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ቴርሞስታቱ መቁረጥ ትቶ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ብሬከሩን ከሩቅ አውርዱ። ቧንቧም ቫልቭም አትንኩ። ሰው ሁሉ ከዚያ ክፍል ይውጣ። በማግስቱ ሲቀዘቅዝ ይፈታ።

የዓመቱ ጽዳት

በዓመት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ፣ መስቀል ሲያልፍ ጥሩ ጊዜ ነው። ብሬከሩን ከማታው አውርዱ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ። ሳራቺኒስካውን ዝጉ። አየር እንዲገባ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። የሴፍቲ ቫልቩን እጀታ አንስታችሁ በላስቲኩ ባልዲ ውስጥ አፍስሱት። የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ፍቱና ሬዚስታንሱን ሳቡት። የቀረ ውሃና ደለል ዱብ ስለሚል ትልቅ ሳፋ ከሥሩ አድርጉ።

ቅርፊቱን በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ በእንጨት ፈቅፍቁ፤ ቢላ አትጠቀሙ። አጠገቡ ጣት የሚያህል ግራጫ ዘንግ አለ፣ ማግኒዚየም ነው። ጋኑ እንዳይዝግ እሱ በጋኑ ፈንታ ይበላል። ግማሹ ካለቀ አዲስ ግዙ። ዋጋው ከቦይለሩ ጋር አይወዳደርም፤ ብዙ ጋን የሚያፈሰው እሱ አልቆ ሳይታወቅ ነው።

የጎማውን ማሸጊያ ቀይሩ፣ መልሳችሁ እሰሩ፣ ሽቦዎቹን በፎቶው መሠረት አገናኙ። ሳራቺኒስካውን ክፈቱ። የሙቁ ቧንቧ ሳይተፋ ሁለት ደቂቃ ይፍሰስ። ብሬከሩን ያን ጊዜ አንሡት።